ዘመድ ለሌላት የተናዘዙት ቤት

በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ፀሐይ የድሬዳዋን ከዚራ ሰፈር ገና በወጉ ሳትይዘው፣ የቀድሞው የባቡር ጣቢያ ሹም የአቶ ወልደጻድቅ የበኩር ልጅ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ወንድማቸውና ጎረቤቶቻቸው ቆመው እያዩ፣ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ላስቲኩን ገፈፉ።

ሶፋው ቡናማ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ላስቲኩ ለሠርግ አልተገፈፈም፤ ለልቅሶም አልተገፈፈም። ጳጳስ መጥተው ላስቲኩ ላይ ተቀምጠው፣ ባርከው፣ አልቧቸው ሄደዋል። ዛሬ ግን ዩኒቨርሲቲ ሊመጣ ነው። ወይዘሮ የኔነሽ ላስቲኩን እንደ ባንዲራ አጥፈው ይዘው ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ከጎረቤቶቹ አንዷ እልል ልትል ጀምራ ነገሩ ሶፋ መሆኑ ትዝ አላትና ሳል አደረገችው።

ልክ በዚያ ሰዓት ሐጂ አብዲቃድር በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ እየተሻገሩ ነበር።

"አባባ፣ መሐል ላይ ተቀመጥ እንጂ። ወደ አንድ በኩል አዘነበልክብኝ" አለ ሾፌሩ።

"ንዳ።"

"ልቅሶ ነው የምትሄደው?"

"ደስታ ነው።"

"ወላሂ? ፊትህ ግን ልቅሶ ነው።"

"አቦ ንዳ!"

ነዳ። ከደረቁ ወንዝ ወዲያ፣ በመጋላ በኩል፣ ሰው አባቱንም አንተ ይላል፤ ቢቆጣም አንተ፣ ቢወድም አንተ። ከወንዙ ወዲህ፣ ከዚራ ሲገባ፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ዛፉ ይበዛል፣ ሰውም አንቱ እየሆነ ይመጣል። በአቶ ወልደጻድቅ በረንዳ ላይ ድመቱም አንቱ ነው። ሐጂ ይህን ድንበር ዕድሜ ልካቸውን ሲሻገሩ ስለኖሩ፣ ድልድዩ መሐል ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፃቸውን ይቀይራሉ። ዛሬም ጠረጉ። ዛሬ ግን የተጠረገው ጉሮሮ ምን እንደሚናገር አላወቀም።

በባቡሩ ዘመን አቶ ወልደጻድቅ ሼፍ ነበሩ፤ ማለትም የጣቢያው አለቃ። አብዲቃድር ደግሞ ከኋለኛው ፉርጎ ሆነው ፍሬን የሚይዙ ሠራተኛ ነበሩ። የድሮው ባቡር ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ማዕረጉ ግን አልቆመም። ዛሬም ሐጂ "ሼፍ" ብለው ይጠሯቸዋል። አቶ ወልደጻድቅም የባቡር ኩባንያው ፊደል በብረት የተሠራበትን የጣቢያ አግዳሚ ወንበር በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይመጣ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው መንገዱን ያያሉ።

ሐጂ ዛሬ በጠዋት የተጣደፉት ዩኒቨርሲቲው ሳይደርስ ለሼፍ አንድ ነገር ሊነግሯቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ወልደጻድቅ፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ ግሪካዊ ነጋዴ የገዙትን ቪላ ከእሳቸው ሕልፈት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተናዝዘዋል። ኪራዩ ወደፊት ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች መማሪያ ይሆናል። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ደግሞ በጓሮ ያሉት ክፍሎች ከዘንድሮ ጀምሮ ለሦስት ልጃገረዶች ማደሪያ ይሆናሉ። ኑዛዜው ላይ በገዛ እጃቸው አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨምረዋል፤ ተማሪዋ ከወላጆቿ በቀር በዚህች ከተማ ውስጥ የሚረዳት ዘመድ የሌላት ትሁን። "ዘመድ ያላትን ዘመዷ ይርዳት" ብለዋል፤ ሰውም ትክክል ነው ብሏል።

አመልካቾች በረከቱ። ቀበሌዎቹም እንደ ወጋቸው ለእያንዳንዷ ሦስት ሦስት ሽማግሌ ጠርተው "ዘመድ እንደሌላት የምታውቁ መስክሩ" አሉ። ከደቻቱ ወዲያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ፣ ኢዲል ጃማዕ ለምትባል የፋርማሲ ተማሪ ከመሰከሩት አንዱ ሐጂ አብዲቃድር ናቸው። እጃቸውን ሲያነሱ ውሸት ለመናገር ተዘጋጅተው ነበር። አንስተው ሲያበቁ እውነት ሆኖ አገኙት።

ምክንያቱም ኢዲል የአቶ ወልደጻድቅ የልጅ ልጅ ነች።

አቶ ወልደጻድቅ ማርቲ የምትባል የመጨረሻ ልጅ ነበረቻቸው። ኢዲል ገና ሳትፀነስ፣ ማርቲ ደቻቱን ተሻግራ ጃማዕ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአቶ ወልደጻድቅ ቤት ሁለት ልጅ ያለበት ቤት ሆነ፤ የኔነሽና ናሁሰናይ። ያኔ ለሽምግልና የተላኩት አብዲቃድር ነበሩ። ሼፍ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጧቸውና "አብዲ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ትፈልጋለህ?" ብለው ጠየቁ።

"እፈልጋለሁ፣ ሼፍ።"

"እንግዲያው ተቀመጥ።"

ተቀመጡ። እስከ ዛሬም ተቀምጠዋል። ጃማዕ ጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ገልብጦ ሲሞት ሐጂ ጠዋት መጋላ ቀበሩት፣ ከሰዓት መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሼፍ "ዛሬ ፀሐዩ በርትቷል" አሉ። ሐጂም "በርትቷል" አሉ።

ባጃጁ በሩ ላይ ሲቆም ወይዘሮ የኔነሽ ቀድመው ወጡ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ሐጂን በእጅጌያቸው ይዘው በጓሮ በኩል ወደ ውኃ ታንከሩ ጥላ ወሰዷቸው።

"ሐጂ፣ ጉድ ሆነናል። ትናንት ማታ ዶክተሩ ደውሎ የተመረጡትን ልጆች ስም ነገረኝ። ሦስተኛዋን ሲጠራት ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።"

"ኢዲል ጃማዕ።"

"ያውቁ ነበር!"

"ድሬዳዋ ነው ያለነው፣ የኔነሽ።"

"አውቀው ዝም አሉ?"

"አንቺስ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምን ስታደርጊ ነበር?"

"ሶፋ ስወለውል።" ወይዘሮ የኔነሽ ይህን ካሉ በኋላ እንዴት እንደተሰማ ራሳቸውም ሰሙት መሰል፣ ቀና ያለ አንገታቸውን ደፉ። "ይስሙኝ። ልጅቷ ከሚኒባሱ ባትወርድ ይሻላል። አመማት እንበል። ብርድ ልብሱን እኔ በሰው እልክላታለሁ። አባዬ ልባቸውን ያማቸዋል።"

"ልባቸውን ነው የፈራሽው?"

"ሰውንም ፈርቻለሁ! ሰው ዓይን የለውም መሰለዎ? የልጁን ልጅ ጥሎ ለባዳ አወረሰ ይባላል። ወይም ደግሞ፣ ለባዳ ነው እያለ ዞሮ ዞሮ ለልጁ ልጅ አወረሰ ይባላል። በየትም በኩል ብንሄድ ተዋርደናል።"

"አንቺስ?" አሉ ሐጂ። "እሳቸው ካለፉ በኋላ ቤቱ ሲሄድ የት ትገቢያለሽ?"

"እኔ በጣም ደስ ብሎኛል" አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ እንዳሉት በሚያሳይ ቅልጥፍና። ከዚያ ወደ ታንከሩ ዞረው የማያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቁት። ድምፃቸውም ዝቅ አለ። "ማርቲ... ደህና ነች?"

"ደህና ነች።"

"ይሸጥላታል? ጨርቁን ማለቴ ነው።"

"አንዳንድ ቀን።"

"ታይዋን ገበያ ስሄድ በሷ መደብ በኩል አላልፍም። በዚያኛው በኩል ዞሬ ነው የምሄደው።" ቧንቧውን እንደገና አጠበቁት። "በዚያኛው በኩል ጥላ የለም፤ ፀሐይ ይበላኛል።"

ሐጂ የአግዳሚው ነገር ትዝ ስላላቸው፣ ሴትየዋን የሚወቅሱበት ጉልበት አልነበራቸውም።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉና ወደ በረንዳው ሄዱ።

አቶ ወልደጻድቅ አግዳሚው ላይ ነበሩ። በግንቦት፣ በድሬዳዋ፣ የኩባንያውን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈው ለብሰዋል። ላቡ ከጆሯቸው ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን ላቡ የሌላ ሰው እንደሆነ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

"አብዲ። ክራባቴ ቀጥ ብሏል?"

"ብሏል፣ ሼፍ።"

"ንግግሬን ልሞክርብህ። 'ወልዶ ማሳደግ የእንስሳም ነው። የማያውቁትን ማሳደግ ግን...' እዚህ ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ። '...የሰው ነው።' እንዴት ነው?"

"ዝምታው ጥሩ ነው።"

"ዝምታው እንኳ ጥሩ ነው።"

"ሼፍ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።"

"ንገረኝ።"

"ከተማሪዎቹ አንዷ..."

ሼፍ ዞረው አዩአቸው። ባቡር የዘገየበትን ምክንያት ሲጠይቁ የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነበር፤ በቀስታ፣ ከእግር ጀምሮ። ሐጂ አግዳሚው በመቀመጫቸው በኩል ሲሞቅ ተሰማቸው።

"አንዷ ምን?"

"አንዷ ከቢዮ አዋሌ ነች" አሉ ሐጂ።

"ቢዮ አዋሌ!" የሼፍ ፊት በራ። "ጎሽ። ሩቅ ነው። ሩቅ ያለን ሰው መርዳት ደስ ይላል፣ አብዲ። ቅርብ ያለ ሰው ውለታ አያውቅም።"

"አያውቅም" አሉ ሐጂ።

ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ።

ዶክተር ዮኒስ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ፣ ለዶክተርነት ገና ልጅ የሚመስል፣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ከኋላው ሦስቱ ልጃገረዶች ወረዱ። የቢዮ አዋሌዋ ሸምሶ የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ተውሳ መጥታለች፤ ኢስታር ደግሞ ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ ሰው ሲያያት ፈገግ ማለት የለመደች ልጅ ነች። ኢዲል አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ በመጨረሻ ወረደች። ቤቱን ከጣሪያው እስከ ደረጃው አንዴ አየችውና፣ ዋጋ ጠይቃ የተወደደባት ሰው መስላ ዓይኗን መለሰች።

ሐጂ ወደ ጎን ወሰዷት።

"አባባ አብዲ፣ ምነው ገረጣህ?" አለች።

"ለምን መጣሽ?"

"ሚኒባሱ አመጣኛ።"

"ኢዲል!"

"ክፍሉን ነው የምፈልገው፤ ሌላ ነገር አልፈልግም። እቤት እማዬ ጨርቁን እስከ ጣሪያ ትከምረዋለች፤ እኔ ከክምሩ ላይ ወጥቼ ነው የማነበው። ምቾቱ ነው ያስቸገረኝ፤ ሁለት ገጽ ሳልሄድ እተኛለሁ።"

"ቢያውቅሽስ?"

"እንዳያውቀኝ ነዋ! ካወቀኝ ዘመድ አለኝ ማለት ነው። ዘመድ ካለኝ ደግሞ ክፍሉ ቀረ። እሱ ራሱ እኮ ነው እንዲያ ብሎ የጻፈው።" ሻሿን አጠበቀች። "አንተስ ዘመድ የላትም ብለህ አልመሰከርክም? ዋሸህ እንዴ?"

"አልዋሸሁም።"

"እና ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?"

ወይዘሮ የኔነሽ ደረሱ። የእህታቸውን ልጅ ከዚህ በፊት በሩቅ እንጂ በቅርብ አይተዋት አያውቁም። አፋቸውን ከፍተው የተዘጋጁበትን ሊናገሩ ሲሉ ልጅቷ ቀና አለች፤ ወይዘሮ የኔነሽም የተዘጋጁበት ጠፋባቸው።

"እንኳን... ራስሽን አያምሽም?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

"ፀሐዩ እንዳይመታሽ ብዬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አረፍ ብትዪ..."

"ፀሐይ ለምጃለሁ" አለች ኢዲል፣ ለማንኛዋም ሴት በሚነገር ትሕትና። "እናቴ ገበያ ነው የምትውለው።"

ወይዘሮ የኔነሽ መንገድ ለቀቁ።

ሳሎን ውስጥ ማንም ሶፋው ላይ ሊቀመጥ አልደፈረም። ዶክተሩ ተገፍቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከምግብ ቤት በመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ሆኖ ሶፋውን ያያል።

መጀመሪያ የተናገረው ናሁሰናይ ነው። ናሁሰናይ ጉምሩክ ነው የሚሠራው። ስለ አባቱ ኑዛዜ ለወራት ያህል ጠበቃ ሲያማክር ከርሟል፤ የሚፈርስበት መንገድ እንደሌለ የመጨረሻው ጠበቃ በነገረው ዕለት ደስታው ወሰን አጣ። አሁንም የተናገረው ስለዚያ ነው።

"ደስታችን ወሰን የለውም" አለ። "አባታችን ቤቱን ለትውልድ ሲሰጥ እኛ ልጆቹ፣ ሁለታችንም..." እዚህ ላይ ዓይኑ አረንጓዴውን ሻሽ አገኘ። የኔነሽ ነግረውታል። "...ማለት፣ ሁላችንም..." የያዘውን ብርጭቆ አየ፤ ብርጭቆው አላገዘውም። "እና ደስ ብሎናል። አመሰግናለሁ።"

ተጨበጨበ።

ዶክተር ዮኒስ ፋይሉን ገልጦ የኑዛዜውን ቃል አነበበ። ቃሉ ጥሩ ነበር። ወደፊት የሚመጡትን፣ ገና ያልተወለዱትን ሴት ተማሪዎች ሁሉ ይጠራል። ቅድመ ሁኔታው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ "በዚህች ከተማ ውስጥ የሚረዳት ዘመድ የሌላት።" ከጎረቤቶቹ ግማሾቹ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ግማሾቹ ወደ ወለሉ። ወደ ልጅቷ ማንም አላየም። ሐጂ ይህን አይተው፣ ሰዉ ሁሉ እንደሚያውቅ አወቁ። የማያውቀው ዶክተሩ ብቻ ነው። ሼፍ ያውቁ እንደሆነ ደግሞ ከፊታቸው ማንበብ አይቻልም፤ ባቡር ሲገለበጥም ሲገባም ያው ፊት ነበር።

ሼፍ ተነሥተው የተለማመዱትን ተናገሩ። ወልዶ ማሳደግ የእንስሳም ነው አሉ። ዝምታው ቦታውን ጠብቆ መጣ። በዝምታው መሐል አንድ ሰው ወንበሩን አንቋቋ፤ ያ ሰው ሐጂ ነበሩ።

ከዚያ ልጃገረዶቹ በየተራ ቀርበው ቁልፍና ብርድ ልብስ ተቀበሉ፤ ተመረቁ። ሸምሶ ስትቀርብ ሼፍ ጣቢያ በተማሩት ኦሮምኛ አናገሯት፤ ሸምሶ ትኬት የተጠየቀች መስሏት ደነገጠች፤ ሁሉም ሳቀ፤ ረጅም ምርቃት ተመረቀች። ኢስታርም ረጅም ተመረቀች፤ ፈገግ አለች።

ኢዲል ቀረበች።

"ስምሽ?"

"ኢዲል።"

"የማን ልጅ?"

"የጃማዕ።"

ሻይ ሲጠጣ የነበረው ሁሉ መጠጣቱን አቆመ።

"ጃማዕ" አሉ ሼፍ። "ብዙ ጃማዕ አለ።"

"አዎ፣ ብዙ ነው።"

"አባትሽ አለ?"

"ሞቷል።"

"ነፍስ ይማር። እናትሽስ?"

"አለች።"

"ምን ትሠራለች?"

"ጨርቅ ትሸጣለች።"

"ማን..."

"አባዬ፣ ለስላሳው ሊሞቅ ነው!" አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ እጃቸው ላይ አንድም ለስላሳ ሳይኖር።

ሼፍ ልጃቸውን አላዩም። ቁልፉን ዘረጉ፤ ኢዲል ያዘችው። ግን የሽማግሌው ጣት ወዲያው አልለቀቀውም፤ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ የአንዲት ትንሽ ቁልፍ ሁለት ጫፍ ይዘው ቆሙ። ምርቃት ይጠበቅ ነበር።

"በርቺ" አሉ፤ ለቀቁ።

ይህ ብቻ ነበር። ኢዲል ብርድ ልብሷን ታቅፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሳሎኑ በሙሉ ተነፈሰ። ናሁሰናይ ብርጭቆውን ጨለጠ፤ ወይዘሮ የኔነሽ እውነተኛ ለስላሳ ሊያመጡ ሮጡ። ሐጂም "አልሐምዱሊላህ" ብለው በልባቸው አመሰገኑ፤ ክፍሉ ለልጅቷ ተረፈ፤ ነገሩ ሳይነሣ አለፈ። ያመሰገኑበትን ነገር ግን መልሰው ሲያዩት፣ አንድ ሰው የልጁን ልጅ በዓይኑ እያየ "በርቺ" ብሎ ስለ ሸኘ ነበር ያመሰገኑት። ለስላሳው ሲመጣ አልጠጡም።

ፎቶ አንሺው የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጦልሃ ይባላል፤ ከጅጅጋ መጥቶ ድሬዳዋ ከከተመ ብዙም አልቆየም፤ የሚያነሣው ሠርግ ነው። የተሳፈረበት ባጃጅ ጎማ ፈንድቶበት ሲያበጁ እንደቆየ እየማለ፣ ማንንም ሰላም ሳይል፣ ሰውን ሁሉ ወደ ግቢው ወደ ኒም ዛፉ ጥላ ነዳው። ለሼፍ ከሳሎን አንድ ወንበር አስመጥቶ መሐል አስቀመጣቸው።

"ቤተሰብ ከሽማግሌው በቀኝ! ተማሪዎች በግራ! ዶክተር ከኋላ፣ አንተ ረጅም ነህ! ሐጂ፣ ቤተሰብ ነህ?"

"ወዳጅ ነኝ።"

"ወዳጅ ዳር!"

ሐጂ ዳር ቆሙ።

በሠርግ ላይ ሁሉም ሰው የሙሽራው የቅርብ ዘመድ ነኝ ስለሚል፣ ጦልሃ ሰውን ማን ነህ ብሎ ጠይቆ አያምንም። በግንባርና በጆሮ፣ በአገጭና በአቋቋም ለይቶ ነው የሚያሰልፈው። በዚህ ሥራው ተሳስቶ አያውቅም፤ ያጣላቸው ሰዎች ግን አሉ። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። ዝቅ አደረገው። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በግራ በኩል ያለውን ሰልፍ አየ፤ ወንበሩ ላይ ያሉትን አየ፤ እንደገና ግራውን አየ።

"አንቺ፣ ባለ አረንጓዴ ሻሽ። ቤተሰብ በዚህ በኩል ነው አላልኩም?"

"ተማሪ ነኝ" አለች ኢዲል።

"ተማሪ ብትሆኚስ? ተማሪ ዘመድ የለውም እንዴ? አቦ ፀሐይ ላይ አታቁሚኝ፣ ሂጂ ከአያትሽ ጎን ቁሚ።"

ከኒሙ ላይ አንዲት ወፍ ተነሥታ በረረች።

ናሁሰናይ ስልኩ ላይ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ወይዘሮ የኔነሽ አፋቸውን ከፈቱ፤ ለስላሳ እንኳ አልመጣላቸውም። ከዚያ እግራቸው፣ እሳቸውን ሳያማክር፣ ከወንበሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ በእሳቸውና በአባታቸው መሐል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተከፈተ። ዶክተር ዮኒስ ከኋላ ሆኖ ልጅቷን አየ፤ የሽማግሌውን ጆሮ አየ። በእጁ የያዘውን፣ ቅድመ ሁኔታው የተጻፈበትን ፋይል ቀስ ብሎ ከጀርባው አደረገው።

"ተማሪ ነኝ አልኩህ እኮ!" አለች ኢዲል። ቁልፉን የያዘ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው። ማንም ሊቀማት አልመጣም፤ ግን ከተተችው።

ሐጂ "ተሳስተሃል" ማለት ነበረባቸው። መስክረዋልና። ጦልሃም ወደ እሳቸው ዞሮ፣ "ሐጂ፣ አንተ እስኪ ንገራት" አለ።

ሐጂ አብዲቃድር መሬት መሬቱን አዩ። "ምን ልንገራት" አሉ፣ ከራሳቸው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ።

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ማንም አልዞሩም። ቀጥ ብለው የዛፉን ጥላ እያዩ ነበር፤ ጥላው ወደ አጥሩ እየተሳበ፣ የወንበሩን የፊት እግሮች ለፀሐይ እየለቀቀ ነው።

"ጥላው ሊሄድብን ነው" አሉ። አሁንም ጥላውን እያዩ፣ "ነይ" አሉ።

ኢዲል ኢስታርን አየች፤ ኢስታር ፈገግ ማለት አቃታት። ሸምሶ አጥብቃ ይዛው የነበረውን እጇን ለቀቀችላት። ሄደች። የኔነሽ በለቀቁት ቦታ ላይ ቆመች፤ ከወንበሩ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው በአንድ እግሯ ተደግፋ።

ጦልሃ ክፍተት አይወድም። "ጠጋ! ጠጋ በሉ! የተጣላችሁ ትመስላላችሁ!"

ተጠጋች።

ካሜራው ጮኸ። ጦልሃ የካሜራውን ጀርባ በእጁ ከልሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"አልሆነም። አያትየውም ልጅትየዋም ዓይናችሁን ጨፍናችኋል።"

ማንም አላረመው። እንደገና አነሣ። እንደገና ጨፍነው ነበር።